ያላማረው ግማሽ

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራው ጡሩምባ ተብሎ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ታላቁ ነኝ፤ ሕፃን ሆኖ ሲያለቅስ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። እናታችን "ተይ እባክሽ፣ ይለመድበታል" ብትለኝም ከአፌ አልወጣ አለ። ከእኔ አፍ ጎረቤት ወሰደው፣ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ገባ፣ ይኸው ዛሬ ጸጉሩ ገብስማ ሆኖ እንኳ ሥራ ቦታው "ጡሩምባው ገባ ወይ?" ነው የሚሉት።

ሥራው ማውራት ነው። የቀለድኩ እንዳይመስላችሁ፤ ደሞዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ሰው አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ሲቀመጥ፣ እሱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ መሀል ይቆምና ስለ ክትባት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ እጅ መታጠብ ያስተምራል። ሐኪም አይደለም። ከዚያ በፊት የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ማንም ሊሄድበት የማይፈልገው ሰፈር የሚሄደውን አሮጌ አውቶቡስ በአፉ ብቻ ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ "ግቡ፣ ወንበሩ የእናት ጭን ነው" እያለ። እኔ ራሴ አንድ ቀን ገበያ ልሄድ ወጥቼ፣ ድምፁን ስሰማ ዝም ብዬ ተሳፍሬ አውቃለሁ። የወንበሩ ሽቦ ሲወጋኝ ነው ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ከአውቶቡሱ ያወረደችው ሲስተሯ ናት። ሲስተሯ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ናት፤ ቆፍጣና፣ ሳቅ የማያበዛ፣ ሥራ የማታሳድር ነርስ። አንድ ቀን ተሳፍራ ሲለፍፍ ሰማችውና "ይሄ ሰው ይሄን የመሰለ አፍ ለወንበር ነው እንዴ የሚያባክነው?" ብላ አስቀጠረችው። ጥቂት ወራት አሠለጠኑት፣ ጋዋን ሰጡት። ጋዋኑን ልኩ አድርጌ ያጠበብኩለት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና። ሁለታችንም አላገባንም፤ እናታችን ትታልን በሄደችው ቤት አብረን ነው የምንኖረው።

ከሥራ ሲመለስ እኔ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ ላይ ነው የሚያገኘኝ። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው እየተመላለሰ የነገውን ንግግር ያሽሞነሙናል። መለኪያው የእኔ እግር ነበር። ያለው ነገር ተራ ከሆነ እግሬ መርገጫውን መምታቱን አያቋርጥም፤ መኪናዋም መንጣጣቷን። ጥሩ ከሆነ ግን እግሬ ሳላዝዘው ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ፈገግ ይልና "ይቺን ያዝናት" ይላል። "ክትባት ጃንጥላ ነው፤ ዝናብ ሳይመጣ ይገዛል" ሲል ቆሜለታለሁ። "ሳሙና ቁልፍ ነው፤ በሩን ሳትቆልፍ አትብላ" ሲል ግን "በሩ እጄ ነው ወይስ አፌ?" ብዬ ስለሳቅኩበት አኩርፎኝ ሰነበተ። አኩራፊ ነው፤ አፈኛ ሰው ሁሉ አኩራፊ ይመስለኛል።

የትኩሳቱ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። እናቶች ልጅ ትንሽ ሞቀው ብለው ከየሱቁ መድኃኒት ይገዛሉ፤ አንዷ የተረፋትን ኪኒን ለሌላዋ ታውሳለች፤ ለጉንፋኑም ለሳሉም ያንኑ ለልጅ ያጎርሳሉ። ሲስተሯ አንጀቷ አረረ። "ትኩሳት ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት በሽታን ሲታገል የሚያመጣው ነው። ይሄን በሚገባቸው መንገድ ንገርልኝ" አለችው። እሱም መመላለስ ጀመረ። አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል እኔ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ነበርኩ።

"እታለም፣ ስሚማ" አለኝ። "ትኩሳት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ አይባረርም።"

እግሬ ቀጥ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ታየኝ። ስለ ትኩሳት ዕድሜዬን ሙሉ ሳስብ ሰው ታይቶኝ አያውቅም። ደግሞም ያንን ሰውዬ ወደድኩት፤ እንዴትስ ይባረራል?

በማግስቱ ሲስተሯ ጋዋኗን ለማስጠበብ እኛ ቤት መጣች። መስታወቱ ፊት ቆማ፣ እኔ ወገቧ ላይ ስፒል እየሰካሁ፣ እሱ መፈክሩን አነበበላት። ደስ አላት፤ ደስ ሲላት ቅንድቧን ብቻ ነው የምታነሳው። "ጥሩ ነው" አለች። "ግን አልጨረስከውም። ልጁ ከፈዘዘ፣ ካስመለሰው፣ አንገቱ አልታጠፍ ካለ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ ይሄንን ጨምርበት።"

ወንድሜ ፊቱ ተኮማተረ። "ሲስተር፣ ይሄ እኮ ያነክሳል።"

"ምን ማለት ነው ያነክሳል?"

"አያምርማ። ስሚው፤ ትኩሳት ዘበኛ ነው፣ ዘበኛ አይባረርም፣ ልጁ ከፈዘዘ ካስመለሰው… እስኪያልቅ ሰው ይተኛል። ጭራ የተቀጠለበት መፈክር አይሄድም። እሱን በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ባነሩ ላይ የፊቱ ይበቃል።"

ሲስተሯ ሰዓቷን አየች፤ ወረፋ ጥላ ነበር የመጣችው። "እሺ። በአፍህ ግን እንዳትረሳ" አለችና ወጣች። ባነሩን ቀዩን ጨርቅ ቆርጬ ጠርዙን ሰፋሁለት፣ እሱ በነጭ ቀለም ጻፈው። አዳራሹ ውስጥ፣ ከሲስተሯ ክፍል በር በላይ ሰቀሉት።

አልረሳም ነበር መጀመሪያ ሰሞን። መፈክሩን ያስተምርና ጭራውን አንድ በአንድ ይናገራል። ኋላ ላይ ግን ሰዉ መልስ መስጠት ጀመረ። እሱ "ትኩሳት?" ሲል አዳራሹ በሙሉ "ዘበኛ ነው!" ይላል። "ዘበኛ?" ሲል "አይባረርም!" ይሉና ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ቆሞ ስለ ማስመለስ ማውራት እንግዳ ከሄደ በኋላ በር ላይ እንደመቆም ሆነበት። አንድ ቀን አሳጠረው፣ ሌላ ቀን አጉረምርሞ አለፈው፣ ከዚያ ጭብጨባው ላይ አቁሞ መቀመጥ ለመደ። ማንም ምን ጎደለ አላለም። ከሱቅ ኪኒን መግዛቱም በእውነት ቀነሰ፤ ሲስተሯ ቅንድቧን አነሳች።

ከሰው ሁሉ ይበልጥ መፈክሩን የወደደችው ጸጉር ሠሪዋ ናት። የግቢያችንን የፊት ክፍል፣ በሩ ወደ መንገድ የሆነውን፣ ተከራይታ እዚያው ትሠራለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ እዚያው ትኖራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ጉንጯ ቂጣ የሚያህል ስለሆነ ድንቡሼ እንላታለን፤ ትንሹ ገና ዳዴ አላለም። ጸጉር ሠሪዋ ሰው አክባሪ ናት፤ እኔን እትዬ፣ እሱን ጋሼ ነው የምትለው፤ ግን እንደ ወንድም ስለምታየው አንተ ብላ ታወራዋለች። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ሁሉ፣ ጆሮዋ ባይሰማም፣ ስለ ዘበኛው ሳትሰማ አትወጣም። ጸጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች "ጋሼ እኮ ነው ያለው" ትላለች። ሰፈሩን ያዳረሰችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም።

ከድንቡሼ ጋር ወንድሜ ልዩ ነገር ነበረው። ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ጡጫውን አፉ ላይ ይደቅንና ጡሩምባ ይነፋል። ልጅቷ የያዘችውን ጥላ እየሮጠች ትወጣና እግሩ ላይ ትጠመጠማለች። በሥራ ብዛት ቢመሽበት እንኳ ሳይነፋ አይገባም።

ያን ዕለት ግን አልወጣችም። ነፋ፣ ጸጉር ሠሪዋ ብቻ በሩ ላይ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። "ዛሬ የድንቡሼ ዘበኛ ተነስቷል ጋሼ" አለችው እየሳቀች። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

"ይሥራ እንጂ፣ ደሞዙ አይደል!" አላት።

ውስጥ ያሉት ደንበኞች ሁሉ ሳቁ። እሱም እየሳቀ ወደ ቤት ገባ። ልጅቷን ገብቶ አላያትም። ግንባሯን አልነካም። ገብቶ ጋዋኑን እያወለቀ "ሰማሻት እታለም? ዘበኛው ተነስቷል አለች እኮ፣ ዘበኛው ተነስቷል!" አለኝ፤ ሰው የእሱን ቃል ወስዶ ሲቀጥልበት ከማየት የሚበልጥ ደስታ የለውም። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን ይደረጋል።

በማግስቱ ልጅቷ ስትተኛ ዋለች። እናቷ እንቅልፉን ለበጎ አየችው፤ ዘበኛው ሥራ ላይ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ታርፋለች። ሲያስመልሳት በወተቱ አመኻኘች። ከሰዓት በኋላ የጠረዝኩላትን ፎጣዎች ላስረክብ ገባሁ። ድንቡሼ መጋረጃው ጀርባ ፍራሽ ላይ ናት፤ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፣ ግን እኔን አላየችኝም።  አቅፌ ላነሳት ብል አንገቷ ግትር ብሎ አብሮ ተነሳ፤ ጭንቅላቷ ወደፊት አልታጠፍ አለ። እናቷን እንዴት እንደጠራኋት አላውቅም። ልጅቷን ታቅፌ፣ እሷ ትንሹን አዝላ፣ ከነሽርጧ ተከትላኝ ሮጥን።

አዳራሹ ውስጥ ወንድሜ ወረፋ እያስተካከለ ነበር። ልጅቷን ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ። ሲስተሯ ከክፍሏ ወጣች፣ አንገቷን ያዘች፣ ወዲያው "አምቡላንስ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀና ብላ ከበሯ በላይ ያለውን ባነር አየችው፣ ቀጥላ እሱን አየችው።  ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሆስፒታሉ ማጅራት ገትር ነው አለ። ቢዘገይ ኖሮ ትሞት ነበር፣ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ደግሞ ይህን ያህል ባልጎዳት፤ የሐኪሙ ቃል ይሄ ነው። ተረፈች። ሳምንታት አልፈው ቤቷ ገባች። እግሯ ይሄዳል፣ ጉንጯ ቀጭጯል እንጂ ፈገግታዋ ያው ነው። እናቷ "ልጄ ዝም አለች፣ ደክሟት ነው" እያለች ነበር።

ወንድሜ ልጅቷ ቤቷ በገባች ቀን ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆመ። ድንቡሼ ጀርባዋን ሰጥታው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማበጠሪያ በማበጠሪያ ታበጥራለች። ትንሹ አጠገቧ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ጡጫውን አፉ ላይ ደቅኖ ነፋ። ትንሹ ዞር አለ። ድንቡሼ አልዞረችም። ደግሞ ነፋ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አድርጎ ነፍቶ አያውቅም፤ ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች ቆመው አዩት። ትንሹ ደንግጦ አለቀሰ። ልጅቷ ማበጠሪያዋን ማበጠሯን ቀጠለች።

ሮጬ ወጥቼ እጁን ይዤ አስገባሁት። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ራት አቀረብኩ፣ አልነካም። "አልሰማችኝም እኮ እታለም" አለኝ። "አየሁ" አልኩት። 

ከዚያ በኋላ የሆነው ሰው አይደለም። በፊት በር መግባት ተወ፤ በጓሮ ዞሮ ነው የሚገባው፣ የጸጉር ሠሪዋን ዓይን ላለማየት። የበላይ ኃላፊዎች ጭራው ለምን ባነሩ ላይ አልተጻፈም ብለው ሲያፋጥጧት፣ ሲስተሯ የምትመልሰውን ፈልጋ ጠርታ ብትጠይቀው ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? "ጨርቁ አልበቃም" አላት። ልቧ እያወቀ ዝም ብላ ተቀበለችው። ይሄንን እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት አልጋ ሲያነጥፍ፣ ራሱ ነው የሚያነጥፈው፣ ትራሱን አንስቶ ቆመ። "ይሄ ጨርቅ ከየት የመጣ ነው?" አለኝ።

"ከባነሩ የተረፈ ነዋ። የትራስ ልብስ አድርጌ ሰፋሁት፤ ለአንተም ለእኔም።"

"ይሄን ያህል ተርፎ ነበር?"

"ሌላ ባነር ይወጣው ነበር" አልኩት። ምንም ሳላስብ ነው ያልኩት። ትራሱን ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ለሲስተሯ ያላትን ነገረኝ። ራሱም አምኖት እንደነበር ነገረኝ። ሰው ለካ የሚያምር ነገር ለራሱም ይፈጥራል። 

በማግስቱ ባነሩን በገዛ እጁ አወረደው። አዳራሹ መሀል ቆሞ "ስለ ዘበኛው ያልኳችሁን ተዉት፣ ተሳስቻለሁ" አለ። የጠገንኩትን መጋረጃ ላደርስ ሄጄ ስለነበር አይቻለሁ። አንዲት ሽማግሌ እናት ከአግዳሚው ላይ "አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ? ዘበኛ ይባረራል እንዴ?" አሉት፤ ሰዉም ሳቀ። ለማስረዳት ሞከረ፤ ስለ ጀርም፣ ስለ አንጎል ሽፋን ተናገረ። ሰዎቹ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። የሚያምረውን በማያምር ማንሳት አልሆነለትም። ሲስተሯ "በቃ፣ ይሄን የሚያስረሳ ሌላ መፈክር ፍጠርልኝ" አለችው። "ከዛሬ ወዲያ አንድም አልፈጥርም" አላት። "ካልፈጠርክ አይወጣላቸውም" አለችው። እሱም ይሄን ያውቃል፤ መተኛት የነሳው እሱ ነበር።

ጸጉር ሠሪዋስ? ታለቅሳለች፣ ታለቅስና ትነሳና ትሠራለች። እሷ ማንንም አልወቀሰችም። እንዲያውም "ጋሼ ምነው ጠፋ? በእኛ ጉዳይ ተጎድቶ ነው መሰለኝ፣ አይዞህ በይልኝ" ትለኛለች። ይሄን ስሰማ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ከዕለታት በአንዱ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ክር ሳስገባ ድምፅዋን ሰማሁ። ካስክ ሥር ላለች ሴት ነው የምታወራው። "የትንሹ ዘበኛ ደግሞ ዛሬ ነቅቷል፤ ሲፋጅ ነው ያደረው" አለች።  መርፌውን ጥዬ ሮጬ ገባሁና "አሁኑኑ ወደ ሲስተሯ ውሰጂው!" አልኳት። ፈገግ አለችብኝ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ለሌላው ሲያዝን የሚያሳየው ዓይነት ፈገግታ። "እትዬ አትረበሺ፣ ጋሼ ያለውን ረሳሽው እንዴ?" አለችኝ። ልጁን ነጥቄ ወሰድኩት። ጥርስ ሊያወጣ ነው አሉኝ፤ እግዜር ይመስገን። ሲስተሯ ግን "ዛሬ ጥርስ ነው። ነገስ?" አለችኝ።

ቤት ስገባ ወንድሜ በጓሮ ሲገባ ተገናኘን። ደሜ ፈልቶ ነበር። "ስማ" አልኩት፣ "አንድ ልጅ አልበቃንም? ሴትዮዋ ያንን መፈክርህን አሁንም ለትንሹ እየደገመችለት ነው። አንተ እዚህ ትራስ ታቅፈህ ራስህን ስትወቅስ እሷ ምንም አታውቅም። ሂድና ከአፏ አውጣላት።"

"እንዴት አድርጌ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የከተትከው አንተ ነህ።"

ቆሞ ወለሉን አየ። ከዚያ በጓሮ ሳይሆን በፊት በር ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ደንበኞቿ ሄደው ነበር። ጸጉር ሠሪዋ የማበጠሪያዎቹን ጸጉር እያወጣች ነው፤ ትንሹ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ድንቡሼ ወለሉ ላይ ቢጎዲኖችን በየቀለማቸው ትደረድራለች። ወንድሜን ስታየው ተነስታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ያ ቅስሙን ሰበረው፤ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ።

"ጋሼ፣ ምነው እስከዛሬ?" አለችው እናቷ። "አትጎዳ እባክህ። አንተ ምን አደረግክ? ዘበኛው እንደሆነ ጮኋል፤ ሌባው በረታ። ዘበኛ ምን ያድርግ?"

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ሊያስተባብል የመጣበትን ነገር በዚያው በእሱ ቃል ነበር የምታጽናናው። እሱ በፈጠረው ሰውዬ ልጇን ቀብራ፣ ማለቴ የልጇን ጆሮ ቀብራ፣ አሁንም ለሰውዬው ታዝንለታለች።

"ዘበኛ የለም" አላት። "ሙቀት ነው። ዝም ብሎ ሙቀት ነው።"

"እሺ ጋሼ፣ ተቀመጥ፣ ደክሞሃል።"

"መፈክሩ ግማሹ ነው የተሰቀለው። ሌላ ግማሽ ነበረው። ልጁ ከፈዘዘ፣ ካስመለሰው፣ አንገቱ አልታጠፍ ካለ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።" እያንዳንዷን ቃል ለየብቻ አስቀመጣት።

እጇ ማበጠሪያው ላይ ዘገየ። "ይሄን መቼ ነው ያልከው?"

"መጀመሪያ ሰሞን። ከዚያ ተውኩት።"

"ለምን?"

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጨርቁ አልበቃም ሊላት ይችላል፤ ብሎ ያውቃል። ሥራ በዛብኝም ሊላት ይችላል። አፈኛ ነው፣ የሚያምር ምክንያት መፍጠር ለእሱ ምኑም አይደለም። አደራህን፣ አደራህን እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

"አያምርም ብዬ" አላት።

"አያምርም ብለህ?"

"አዎ። ሲነበብ ያነክሳል ብዬ። ያጨበጭቡልኝ የነበረው ለፊተኛው ስለሆነ። ያን ዕለት በሩ ላይ ስትነግሪኝም ገብቼ ያላየኋት መፈክሬን ካንቺ አፍ ስሰማ ደስ ስላለኝ ነው።"

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድንቡሼን አየቻት፤ ልጅቷ ቀና ብላ የሁላችንንም አፍ ተራ በተራ ታያለች። እናቷ ጎንበስ ብላ ከወንድሜ እግር ላይ የልጅቷን እጆች አላቀቀቻቸው፣ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። ፊቷ ላይ ያ የሐዘን ፈገግታ አልነበረም። እስከዚያች ደቂቃ አንተ ስትለው የኖረችው ሴትዮ፦

"ይውጡልኝ" አለችው። "እርስዎም እትዬ፣ ይውጡልኝ።"

ወጣን። ወንድሜ ቤት ገብቶ ጋዋኑን እንደለበሰ አልጋው ላይ ተጋደመ። አላለቀሰም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ብዙ ቆይቶ "ወጣላት መሰለሽ?" አለኝ። "ወጣላት" አልኩት። እንደዚያ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ዘበኛ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አያምንም።

አሁንም ጤና ጣቢያው ውስጥ ያስተምራል፤ ሲስተሯ አልለቀው አለች። ግን ንግግሩ ጨው የለውም። ያንኑ ያላማረውን ግማሽ ነው ጠዋት ጠዋት የሚናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ጌጥ። ሰዉ ያዛጋል፣ አንዳንዱም ያንቀላፋል። የሚያጨበጭብ የለም። ቤትም ሲመጣ መመላለሱን ትቷል፤ እግሬ መርገጫውን ሳያቋርጥ ሲመታ ይውላል።

ባለፈው ሰሞን የተቀደዱ አንሶላዎች ይዤ ሄድኩ። ጸጉር ሠሪዋ አግዳሚው ላይ ነበረች፤ ትንሹ ጭኗ ላይ፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ከጉንፋን የዘለለ አይመስልም። ትንሽ ከሞቀው ታመጣዋለች አሉኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አታሳድርም። ድንቡሼ አጠገቧ ናት። እናቷ ለወንድሜ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። እኔንም አይታ እንዳላየች ፊቷን አዞረች።

ወንድሜ ጀመረ። "ልጁ ከፈዘዘ፣ ካስመለሰው…" አለና ድንቡሼ ዞር ብላ አፉን ስታይ ቀጥ አለ። ያ ጡሩምባ ድምፅ ጥፍት አለ። ያንቀላፉት ነቁ።

"አንገቱ አልታጠፍ ካለ" አለች ጸጉር ሠሪዋ። ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም። ለሰዉ ነው የተናገረችው፣ ጠንከር አድርጋ።

"አንገቱ አልታጠፍ ካለ" አለ እሱም ተከትሏት፣ "ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።"

ተራዋ ሲደርስ ልጆቿን ይዛ ወደ ሲስተሯ ክፍል ገባች። ስትወጣም ሰላም አላለችንም፣ አሁንም አትለንም። ኪራዩን ባሏ ነው የሚያመጣልን። እኔም በሯ ላይ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ጸጉሬንም ራሴ ነው የምሠራው።